ስልኩ ጎርጎራ፣ ቁጥሩ ባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሆቴል አለን። ጎርጎራ ላይም ትንሽ ሎጅ ከፍተናል። ሁለቱም የሚሠሩት ባሕር ዳር ባለው አንድ ፒቢኤክስ (የየክፍሉን ስልኮች ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ ማዞሪያ) ነው። ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ግድ ነው። አንድ እንግዳ «አሜሪካ ቢሆን በሕግ ያስጠይቃችሁ ነበር» አሉን። እውነት ነው? እዚህስ?

መልስ፦ እንግዳዎ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቴክሳስ ውስጥ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ እናቷ ጥቃት ሲደርስባት ያየች የ9 ዓመት ልጅ ደጋግማ 911 (የአሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር) ደወለች። መስመሩ አልወጣላትም። መጀመሪያ 9 መጫን እንዳለባት በምን ታውቃለች? እናትየው ሞተች። በስሟ የወጣው «የካሪ ሕግ» እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ወዲህ በሚተከሉ የድርጅት ስልኮች 911 ያለ ቅድመ ቁጥር እንዲሄድ ያስገድዳል። ጥሪው ሲወጣም ሪሴፕሽን ወይም ጥበቃ እንዲያውቅ ይላል። ሌላ ሕግ ደግሞ አድራሻው፣ እንደ ሁኔታውም ፎቁና ክፍሉ ከጥሪው ጋር አብሮ እንዲሄድ ጨምሮበታል።

ይህ ሕግ እርስዎን አይገዛም። ግን ተገላገልን ብለው እንዳይተኙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይካስ ይላል። ማድረግ ያለብንን አለማድረግም ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው አስተዋይ ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው (ቁጥር 2030)። እርስዎ ደግሞ ችግሩን ከዛሬ ጀምሮ አውቀዋል፤ «አላውቅም ነበር» ማለት ከእንግዲህ ያስቸግራል። እርግጥ ከሳሹ ጉዳቱ የመጣው በስልኩ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ቀላል አይደለም። ለሠራተኞችዎ ደኅንነትም በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 ግዴታ አለብዎት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ጎርጎራ ነው። ከሎጁ ሲደወል ተቀባዩ የሚያየው የባሕር ዳሩን ቁጥር ነው። የደነገጠ እንግዳ «ሆቴሉ፣ ክፍል 6» ብሎ ከዘጋ አምቡላንሱ የት ይሂድ? በመካከላችሁ ጣና ሙሉውን ተኝቷል። ኔት ሲጠፋ ደግሞ ሎጁ ከባሕር ዳሩ ፒቢኤክስ ስለሚቆረጥ ስልኩ ጭራሽ ዝም ይላል። ስለዚህ ለሎጁ የራሱ የውጭ መስመር ያስገቡ፤ የአደጋ ጥሪ በዚያ ይውጣ። መብራት ሲሄድ የሚያቆየውን ዩፒኤስም (መጠባበቂያ ባትሪ) አይርሱ።

991 (ፖሊስ) እና 907 (አምቡላንስ) ያለ 9 እንዲወጡ ማድረግ ለአይቲ ባለሙያዎ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጥሪው ሲወጣ የክፍሉ ቁጥር ሪሴፕሽን ላይ ይታይ፤ በር ላይ ቆሞ የሚቀበልና የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ የሚለጠፍ ወረቀት ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ፍርድ ቤት ፊት አያድንዎትም።

ይህን ሁሉ ከስልክ ተካዩ ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡት። ከየክፍሉ ተደውሎ ተሞክሮ ርክክብ እስኪፈረም የመጨረሻው ክፍያ እንደማይለቀቅም ይጻፍ።