ሥራሽ ሜክሲኮ፣ ቤትሽ የት ይሁን?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት ጀማሪ አካውንታንት ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ያልተጣራ ደመወዜ 16,000 ብር ነው፤ ቅዳሜም ግማሽ ቀን እንገባለን። ቤተሰቦቼ መቋቋሚያ 30,000 ብር ሰጥተውኛል። ደላላ በስልክ የሁለት ቤቶች ፎቶ ልኮልኛል፤ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል በ5,000 ብር፣ ሌላው ሳሪስ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት በ7,500 ብር። በወር 2,500 ብር ስለሚተርፈኝ ቱሉ ዲምቱን ልይዝ ነው፤ ደላላውም ሳይያዝ ቀብድ ላኪ ይለኛል። አክስቴ አስኮ ትኖራለች፤ እሷን ግን ማስቸገር አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ቀብዱን አትላኪ። በዓይንሽ ላላየሽው ቤት፣ ማን እንደሆነ ለማታውቂው ሰው፣ አንድ ብርም ቢሆን አይላክም። የሰው ቤት ፎቶ እያሳዩ ከአምስት ስድስት ሰው ቀብድ ሰብስበው ስልካቸውን የሚያጠፉ አሉ፤ ወጥመዳቸው የሚይዘውም በአብዛኛው እንዳንቺ ከክፍለ ሀገር የሚመጣውንና የቸኮለውን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሙያሽም ስለሆነ አብረሽኝ አስሊው። 16,000 ብር በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ የወር ደመወዝ በ35 በመቶ ይባዛና 2,050 ብር ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ግብርሽ 3,550 ብር ነው። የጡረታ መዋጮሽ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,120 ብር። እጅሽ ላይ የሚገባው 11,330 ብር ይሆናል። ወጪ መጋራት ፈርመሽ ከተመረቅሽ እሱም ከዚሁ ላይ የሚከፈል መሆኑን አትርሺ።

ስለ ቤት ስታስቢ ኪራይን ለብቻ፣ ትራንስፖርትን ለብቻ አትያዢ፤ ሁለቱን ደምረሽ እንደ አንድ ወጪ ቁጠሪያቸው። በወር 26 ቀን ሥራ ትገቢያለሽ። ቱሉ ዲምቱ ከከተማዋ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ አጠገብ ነው። ቀጥታ አውቶቡስ የቀናሽ ቀን አንዴ ትሳፈሪያለሽ፤ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ግን ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ወይም ጎተራ፣ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ እየቆራረጡ መሄድ ይመጣል። ደርሶ መልስ ስድስት ጊዜ መሳፈር ማለት ነው፤ በወር 156 ጊዜ። ታሪፉ እንደ ርቀቱ ይለያያል፣ ይለዋወጣልም፤ ለስሌት እንዲመች አንዱን ጉዞ በአማካይ 20 ብር ብንይዘው 3,120 ብር ይመጣል። ከሳሪስ ሜክሲኮ ግን አንድ ጉዞ ነው፤ በወር 52 ጊዜ፣ በዚያው ዋጋ 1,040 ብር። እንግዲህ ቱሉ ዲምቱ 5,000 ሲደመር 3,120፣ 8,120 ብር፤ ሳሪስ 7,500 ሲደመር 1,040፣ 8,540 ብር። ተረፈኝ ያልሽው 2,500 ብር 420 ብር ሆኖ ቀረ።

የሰዓቱን ሒሳብ ደግሞ ጨምሪበት። ሩቁ መንገድ በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ብቻ ቢበልጥ በቀን ሁለት፣ በወር 52 ሰዓት ይሆናል። ለ420 ብር 52 ሰዓት መስጠት ለማንም አያዋጣም፤ ለአካውንታንት ደግሞ ይብሳል። የወሩ ሒሳብ ሲዘጋና ድርጅቱ ግብሩን ሲያሳውቅ እስከ ምሽት መቆየት የሥራው ጠባይ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና፣ ታክሲ ሲጠፋና መንገዱ ሲዘጋጋ ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ እጅግ የምታመሽበት ሳምንት ወደ ቤት ለመግባት እጅግ የሚያስቸግረው ሳምንት ነው። ቤት ስትመርጪ ጥር ላይ ያለውን መንገድ ሳይሆን የሰኔ መጨረሻውን ምሽት እያሰብሽ ምረጪ።

በኪሎ ሜትር ከመለካት ይልቅ ስንት ጊዜ እንደምትቀያይሪ ቁጠሪ። አንድ ረጅም ጉዞ ከሁለት አጫጭር ይሻላል፤ በየመቀያየሪያው አዲስ ሰልፍ አለና። የሰልፉ ርዝመት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ፣ ሌላ ቀን ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ሰው ሥራ የሚያረፍደው በዚህ መዋዠቅ እንጂ በርቀቱ ብቻ አይደለም። በዚህ ላይ በጥድፊያ ሰዓት አንዳንድ ታክሲዎች ታፔላቸው ላይ የተጻፈውን መስመር ሳይጨርሱ መሀል ላይ ያራግፉና አንዱን መንገድ ሁለቴ ያስከፍላሉ።

ሜክሲኮ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፣ ሜክሲኮም በዚሁ የጋራ መስመር ላይ ናት። ስለዚህ ሳትቀያይሪ ከደቡብ በኩል ከሳሪስ፣ ከአደይ አበባና ከንፋስ ስልክ፣ ከምሥራቅ ከጉርድ ሾላ፣ ከሲኤምሲና ከአያት፣ ከምዕራብ ከጦር ኃይሎች መምጣት ትችያለሽ። በታክሲ ደግሞ ጀሞም ከሜክሲኮ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ደላላው ያሳየሽን ሁለት ሰፈር ብቻ አትይ፤ እነዚህን ሁሉ ጠይቂ። ባቡሩ ላይ ግን ብቻውን አትመኪ። በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፣ ጠዋት ይጨናነቃል፣ መብራት ሲቋረጥም ይቆማል። ባቡር የቀረ ቀን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ የምትደርሺበት ሁለተኛ መንገድ ያለው ሰፈር መሆን አለበት። ሳሪስ አለው።

ከልምድ ማነስ የሚዘነጋ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጠዋት ተራው ላይ፣ ማለትም ታክሲው ከሚነሣበት ቦታ አጠገብ የሚኖር ሰው ቢሰለፍም ወንበር ያገኛል። መሀል መንገድ ላይ የሚኖር ግን ለመሥሪያ ቤቱ ቢቀርብም ሞልቶ የሚያልፈውን ታክሲ እያየ ይቆማል። ስለዚህ ቤቱን ስታዪ «ታክሲ አለ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ፤ «ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ታክሲ የሚገኘው የት ነው?» በይ። የሚነግርሽ ደላላው ሳይሆን ፌርማታው አጠገብ ያለው ሱቅ ነው።

ይሁን እንጂ ሳሪስንም ብቻሽን ያዢው አልልሽም። ከ11,330 ብር ላይ 8,540 ለቤትና ለመንገድ ከወጣ 2,790 ብር ይቀርሻል፤ በዚህ የወር ቀለብ ተችሎ፣ ታሞ ታክሞ፣ ለቤተሰብ ተልኮ አይሆንም። ቤትና ትራንስፖርት ተደምረው ከተጣራ ደመወዝሽ ግማሽ፣ ከ5,665 ብር ባይበልጡ ነው የሚሻለው። እዚህ የምትደርሺው በመጋራት ነው። ያንኑ ሰርቪስ ቤት ከአንዲት ሠራተኛ ልጅ ጋር ብትይዙት ድርሻሽ 3,750 ብር ነው፤ ከትራንስፖርቱ ጋር 4,790 ብር። 6,540 ብር እጅሽ ላይ ይቀራል። አብረሽ የምትኖሪውን አስቀድመሽ ጠይቂያት፤ ስንት ሰዓት ትነሣለች፣ እንግዳ ታመጣለች ወይ፣ ትታ ብትወጣ ከስንት ቀን በፊት ትናገራለች። ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይጻፍ፤ በአንቺ ስም ብቻ ከሆነ እሷ የወጣች ቀን 7,500ው በሙሉ አንቺ ላይ ይወድቃል።

እስከዚያው አክስትሽ ጋ ግቢ። ማስቸገሩ ይሰማኛል ማለትሽ የጨዋ ልጅ ነገር ነው፣ ግን እንግድነት የሚያስቸግረው መጨረሻው የማይታወቅ ሲሆን ነው። «እትዬ፣ ስድስት ሳምንት አስጠጊኝ፣ የአስቤዛውን እኔ አግዛለሁ» በያትና ቀኑን ቁረጪ። ምክንያቴን ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ ለአንቺ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል፣ አንቺም ሥራው ካልሆነሽ መውጣት ትችያለሽ። ሥራው ገና ሳይጸና ቤተሰብ የሰጠሽን ብር በሙሉ በአንድ ክፍል ላይ አትጨርሺው። ከአስኮ ሜክሲኮ ታክሲ መቀያየር ስላለው ይደክምሻል፤ ግን ጊዜያዊ ነው፣ ኪራይም የለበትም።

በእነዚያ ሳምንታት መንገዱን ሞክሪው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ወዳለበት ሰፈር በማለዳ ሂጂና ከበሩ ላይ ተነሥተሽ ሥራ እንደምትገቢ ሆነሽ ወደ ሜክሲኮ ተጓዢ። ወደ ፌርማታ የተራመድሽውን፣ ቆመሽ የጠበቅሽውንና የተሳፈርሽውን ደቂቃ ለየብቻ ጻፊ። ዓርብ ምሽት ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ መልሱን ሞክሪ፤ ከሳምንቱ ከባዱ እሱ ነው። ከያዝሽው ረጅሙ ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ጨምሪ፤ ጠዋት የምትነሺበት ሰዓት በዚያ ይወሰን።

ቤቱን ለማየት ቀን አትሂጂ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሂጂ። ከፌርማታው እስከ በሩ ያለው መንገድ መብራት ይኑረው አይኑረው፣ ሱቅ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ይሁን አስፋልት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ውኃ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና ሮቶ ይኑር አይኑር ተከራዮችን ጠይቂ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ላይደርስ ስለሚችል አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም ሊመጣ ነው። ሮቶ ከሌለ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ግዢ። መብራቱ የራስሽ ቆጣሪ አለው ወይስ የጋራ ነው? የጋራ ከሆነ በሰው ቁጥር ነው የሚከፈለው ወይስ አከራዩ በግምት ይጠይቃል? ምጣድና ምድጃ መጠቀም ይፈቀዳል? በመጨረሻም የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? 2 ሰዓት ከሆነ፣ ወር ዘግታ ለምታመሽ አካውንታንት ያ ቤት አይሆናትም፤ ይህን ሳይጠይቁ ገብተው በሦስተኛው ወር የሚወጡ ብዙ ናቸው።

ሰፈሩ የሚፈርስ መሆን አለመሆኑንም አጣሪ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳንና ካዛንቺስን ጨምሮ ብዙ ነባር ሰፈሮች ተነሥተዋል። ዋናው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ግቢ ከሆነ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ወረዳው ጋ ጎራ ብለሽ ጠይቂ፤ ጎረቤትም ይነግርሻል።

ስለ ውሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅሽ አከራይ ካለ ይህን በትሕትና አስታውሺው፤ አሻፈረኝ ካለ ሌላ ቤት ፈልጊ። «ውል ምን ያደርጋል፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚልሽንም አትስሚ፤ ያለ ውል የገባ ተከራይ በየሦስት ወሩ ጨምሪ ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ከመፈረምሽ በፊት የባለቤቱን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል እዪ። የሚያከራይሽ ራሱ ተከራይ ከሆነ የባለቤቱ ስምምነት በጽሑፍ ይኑር። አንቺ ስትለቂ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለብሽም እዚያው ይጻፍ። የደላላውን ኮሚሽን ቤቱን ከማየትሽ በፊት በቁጥር ተስማሚ፤ ውሉ ሲፈረም እንጂ ቀድመሽ አትክፈዪው።

ከ30,000ው ብር የሁለት ወር ቅድሚያ ኪራይ ድርሻሽ 7,500 ነው። ለፍራሽ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለምድጃና ለጥቂት ዕቃ የሚበቃሽን መድቢ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የቀለብና የትራንስፖርትም ያዢ። ከሱ የተረፈው ባንክ ይቀመጥ፤ የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ አትንኪው።

ከደብረ ማርቆስ ከመነሣትሽ በፊት ፋይዳሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውንና ኮፒውን፣ ከወረዳሽም መሸኛ ያዢ፤ ለመሸኛ ብሎ እንደገና መመላለስ የትኬትም የሥራ ቀንም ኪሳራ ነው። ገንዘብና ሒሳብ ነክ ሥራ ላይ ብዙ ድርጅቶች ተያዥ ይጠይቃሉ፤ ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን ይኖርበት እንደሆነና የደመወዙ መጠን ስንት እንደሚፈለግ አሁኑኑ ለሰው ኃይል ክፍሉ ደውለሽ ጠይቂ። በዚያው ስልክ ሁለት ነገር ጨምሪ፤ ድርጅቱ ለሠራተኛ ማመላለሻ ሰርቪስ አለው ወይ፣ ካለው የትኛው ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ ይቆማል? የትራንስፖርት አበልስ አለ ወይ? ሰርቪሱ ለምሳሌ በአያት መስመር የሚሄድ ሆኖ ከተገኘ ስለ ሳሪስ ያልኩሽን ትተሽ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባለው ውስጥ ፈልጊ፤ ስሌቱንም ከላይ እንደሠራነው አድርገሽ እንደገና ሥሪው።