የሚንቀጠቀጥ ቴሌስኮፕ፦ ራሱ ከውጭ ይምጣ፣ እግሩ እዚህ ይሠራ

ከአያት የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽን ላላነበበው ባጭሩ ልድገመው። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ ከአሜሪካ ተልኮልሻል። ጨረቃ ላይ ግሩም ነው። ሳተርን ላይ ስታደርጊው ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹም ተራቸው ሳይደርስ ይሰለቻሉ። ወንድምሽ ለገና ስለሚመጣ እስከ 250 ዶላር የሚያወጣ ጠንካራ መቆሚያ ልታስመጪ አስበሻል። አንድ ጓደኛሽ ደግሞ «እውነተኛ አስትሮኖመር የሚጠቀመው ኢኳቶሪያል ማውንት ነው» ብሎ ግራ አጋብቶሻል፤ ማውንት ማለት ቴሌስኮፑን ይዞ የሚያዞረው መቆሚያ ነው።

የእኔ መልስ፦ ኢኳቶሪያሉን ተይው። ወንድምሽ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረውን፣ አልታዚመዝ የሚባለውን ቀላል ራስ፣ ማለትም ቱቦውን ይዞ የሚያዞረውን የመቆሚያውን የላይኛ ክፍል፣ ይዞልሽ ይምጣ። እግሩን እዚሁ አዲስ አበባ ፈልጊ ወይም አሠሪ። መቆሚያን ጠንካራ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ክብደት ነው። ክብደትን በሻንጣ ማስመጣት ደግሞ ኪሳራ ነው። ብረትና እንጨት እዚህም አለ።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን ያለሽን ፈትሺው። ቴሌስኮፑን ጨረቃ ላይ፣ ወይም በቀን ሩቅ ያለ የአንቴና ምሰሶ ላይ አነጣጥሪ። ቱቦውን በጣትሽ መታ አድርጊና ምስሉ እስኪረጋ ቁጠሪ። በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ከረጋ ጥሩ መቆሚያ አለሽ ማለት ነው። 3 ሰከንድ ከሆነ ያናድዳል፣ ግን ይሠራበታል። 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎከስ ማስተካከል ራሱ ፈተና ነው። አነጣጥረሽ ትለቂያለሽ፣ ይርገበገባል፣ ሲረጋ ፎከሱ እንዳለፈሽ ታያለሽ፣ እንደገና ትነኪያለሽ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴሌስኮፕ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ንቅናቄውንም ያጎላል። ያንቺው ላይ ባለ 10 ሚሊ ሜትር አይፒስ (ዓይንሽን የምታስጠጊባት ትንሿ ሌንስ) ስታስገቢ 90 ጊዜ ያጎላል። ሳጥኑ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር የምትል አይፒስ ካለች ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቻት። እሷ 225 ጊዜ ነው የምታጎላው። ባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ከ140 ጊዜ በላይ ሲጎላ ትርፉ ብዥታ ነው። መቆሚያውን የሚያማርሩ ሰዎች ጥፋቱ የዚህች አይፒስ ሆኖ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። በ90 እጥፍ የምታዪው የሰማይ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃን ያህል ነው። ስለዚህ ሳተርን ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ በ2 ደቂቃ ገደማ አቋርጦ ይወጣል። መንካት ግድ ነው። ቱቦውን በእጅ ገፋ ማድረግ ደግሞ ሁሌም ያሳልፋል። ራሱን ስትመርጪ ቀስ እያለ የሚያዞር፣ ጥርስ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ረዘም ያለ እጀታ የተገጠመለት ይሁን የምልሽ ለዚህ ነው። ልጆች እጀታውን ሲያዞሩ ፕላኔቷ ወደ መሃል ትመለሳለች። እነሱም ይሄን ጨዋታ ይወዱታል።

አሁን ወደ ኢኳቶሪያሉ። ጓደኛሽ ያለው ነገር ባዶ አይደለም። የኢኳቶሪያል አንዱ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ይሆናል። አንዴ ከተስተካከለ አንድ እጀታ ብቻ እያዞርሽ፣ ወይም በአንድ ትንሽ ሞተር፣ ኮከቡን መከተል ትችያለሽ። ካሜራውን ለረጅም ሰዓት ከፍቶ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ወሳኝ ነው። ችግሩ እኛ ያለንበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የማውንቱ ዘንግም ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ቀና ማለት አለበት። እነዚህ ዕቃዎች የሚሠሩት ግን በዋናነት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ነው። እዚያ ዘንጉ 40 እና 50 ዲግሪ ቀና ይላል። ርካሾቹ ላይ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለት የማይችል ብሎን ታገኛለሽ። ዝቅ ቢልም እንኳ የሚዛኑ ድንጋይ የተሰካበት ዘንግ በዞረ ቁጥር ከፊት እግሩ ጋር ይጋጫል፣ ክብደቱም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ለማጠናከር የገዛሽው ዕቃ ለመውደቅ ይቀርባል።

የሰሜን ኮከብስ? ማውንቱን የምታስተካክዪው በእሷ ነው። እሷም ከእኛ ሰማይ 9 ዲግሪ ከፍታ ላይ ተደፍታ ነው ያለችው። ሰሜን አዲስ አበባ ለሚኖር እንጦጦ ይጋርደዋል። ሌላው ሰፈር ደግሞ የጎረቤት ጂ ፕላስ ፎር አለ። ከግቢሽ ሰሜን ምን እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።

«እውነተኛ አስትሮኖመር» ስለሚለው ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሶቭየቶች በ1970ዎቹ ካውካሰስ ተራራ ላይ ያቆሙት ባለ 6 ሜትር ቴሌስኮፕ አልታዚመዝ ነው። ሃዋይ ያሉት የኬክ ባለ 10 ሜትር ቴሌስኮፖችም እንደዚያው። ቺሊ በረሃ ውስጥ ያሉት ባለ 8.2 ሜትር አራቱ ቴሌስኮፖችም እንደዚያው። ኮምፒውተር ሁለቱንም ዘንግ በአንድ ጊዜ ማዞር ከቻለ ወዲህ ትልልቆቹ ወደ አልታዚመዝ ነው የሄዱት። ስለዚህ ቀላሉን ስለመረጥሽ ማንም አይንቅሽም።

ራሱን ስትመርጪ ቧንቧ የሚመስለውን የቴሌስኮፑን ቱቦ በሻንጣ ሚዛን መዝኚው። ሻጮች የሚጽፉት የመሸከም አቅም ብዙ ጊዜ ለጋስ ነው። እኔ የምለው ግማሹን እመኚ ነው። 5 ኪሎ ይሸከማል ከተባለ 2 ኪሎ ተኩል በምቾት ይይዛል ብለሽ አስቢ። ያንቺ ቴሌስኮፕ ቀላል ቢሆንም ረጅም ነው፤ ረጅም ቱቦ ደግሞ ተመሳሳይ ክብደት ካለው አጭር ቱቦ ይልቅ መቆሚያውን ይፈትነዋል። የስካይዋቸር ኤዜድ 5ን የመሰሉ እጀታ ያላቸው ራሶች ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ያለ ትራይፖድ (ያለ ሦስቱ እግሮች)፣ ራሱ ብቻ የሚሸጥ እንደሆነ ወንድምሽ ይጠይቅ። ኮምፒውተርና ሞተር ያለውን በዚህ በጀት አትመኚው፤ ገንዘቡ ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ያልቅና እግሩ ሸምበቆ ሆኖ ይቀራል።

አንድ የማይነገር ወጪ አለ። የስጦታ ቴሌስኮፖች ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ በሹካ መሰል ነገር ነው የሚያያዙት። አዲሶቹ ራሶች ግን ከቱቦው ሥር የሚታሰር ጠፍጣፋ ሐዲድ ይፈልጋሉ፤ ቪክሰን የሚባለው ልክ የተለመደው ነው። ስለዚህ ሁለት የቱቦ ቀለበትና አንድ ሐዲድ አብሮ ይታዘዝ። ቀለበቱ በቱቦው ውፍረት ልክ መሆን አለበት። በካሊፐር ለኪው፣ ከሌለሽ ክር ጠምጥመሽ ዙሪያውን ለኪና ለ3.14 አካፍይው።

ወደ እግሩ እንሂድ፤ እዚህ ነው ነገሩ የሚጥመው። በእኔ እምነት አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚገኘው ምርጥ ዕቃ ያገለገለ የሰርቬየር ትራይፖድ ነው። መንገድና ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ የምታዪው፣ ወፍራም እንጨት ወይም ወፍራም አሉሚኒየም እግር ያለው። የተሠራው ሚሊ ሜትር ለሚለካ መሣሪያ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። እንጨቱ ደግሞ ንዝረትን ከቀጭን አሉሚኒየም በተሻለ ይውጣል። የሰርቬይንግ መሣሪያ ከሚሸጡና ከሚያከራዩ ሰዎች ጠይቂ። ስታዪው የእግሮቹን ማጠፊያ ያዢና ወደ ጎን ወዝውዢው። እዚያ ጋ ልል ከሆነና ብሎኑን አጥብቀሽም ካልተስተካከለ ተይው።

የትራይፖዱ መሃል ያለው ብሎን 5/8 ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች 11 ጥርስ። ትንንሾቹ የቴሌስኮፕ ራሶች ደግሞ በአብዛኛው 3/8 ኢንች ይቀበላሉ። አገናኝ ያስፈልጋል። ወንድምሽ ከዚያው ሊገዛልሽ ይችላል፣ ካልሆነም ቶርኖ ቤት ያወጡልሻል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። የማይክሮፎን መቆሚያም 5/8 ይባላል፣ ጥርሱ ግን 27 ስለሆነ አይገባም። በስም ተመሳስሎ የሚያሳስተው ይሄኛው ነው።

የሰርቬየር ትራይፖድ ጫፉ ሹል ነው። አፈር ላይ ይተከላል፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ግን ይንሸራተታል። ሦስቱን እግር በሰንሰለት ወይም በገመድ አያይዢ፣ ወይም ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ ያለው ኮምፔልሳቶ አንጥፊ። ልጆች በጨለማ የሚመላለሱበት ግቢ ስለሆነ ይሄን አትዝለዪ።

ሰርቬየሩ ካልተገኘ በያጅ አለ። ከምናለሽ ተራም ይሁን ከብረት መሸጫ፣ ዙሪያው ወፈር ያለ፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ፈልጊ። ከላዩ ወፍራም ላሜራ ይበየድበት፣ ከሥሩ ሦስት ረጃጅም እግሮች ይውጡለት። ውስጡን ደረቅ አሸዋ ሙይው። አሸዋው ንዝረቱን ይገድለዋል። ይሄ እንደ ምጣድ ከቦታ ቦታ የሚጎተት አይደለም፣ ከባድ ነው፤ ግን ማታ ማታ በረንዳ ሥር ቆሞ የሚውል ከሆነ ምን አስጨነቀሽ?

ግቢው የራስሽ ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን መሬት ውስጥ በኮንክሪት መትከል ይቻላል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፣ ኮንክሪቱም ከግቢው ንጣፍ ጋር አይነካካ፤ የልጆቹ ሩጫ በንጣፉ በኩል ወደ ቴሌስኮፑ ይመጣልና። መሬትሽ ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ምሰሶውም ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል። ለኢኳቶሪያል ይሄ ራስ ምታት ነው። ለአልታዚመዝ ግን ምንም አይደል፣ አሁን ባለበት ታዪበታለሽ።

ስለ ቁመቱ አስቢበት። እኛ ጋ ሳተርንና ጁፒተር መሃል ሰማይ ሲደርሱ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በታች አይሆኑም። አንዳንዴ አናት ላይ ናቸው። ቱቦው ወደ አናት ሲቀና አይፒሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቱቦው ጭራም እግሩን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ በራሱና በእግሩ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አጭር የብረት ምሰሶ አስገቢ። ለአውሮፓ የተጻፈ ምክር ላይ ይሄ ብዙም አይነሳም፤ ፕላኔቶቹ እዚያ ዝቅ ብለው ስለሚሄዱ።

እስከ ገና ድረስ በነበረው መቆሚያ ልትቆዪ ነውና እስከዚያው እነዚህን ሞክሪ። እግሮቹን አታስረዝሚያቸው፣ አጥረው ይቁሙ፣ አንቺ ወንበር ላይ ቁጭ በይ። እግሮቹ ከራሱ ጋር የሚገናኙበትን ብሎን ሁሉ አጥብቂ፤ ፕላስቲኩ ሰፍቶ ከሆነ ሮንዴላ ጨምሪበት። መሃል ላይ ውኃ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በገመድ አንጠልጥዪ፣ ሥሩ መሬት ነካ ያድርግ፣ አለበለዚያ ይወዛወዛል። ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የጎማ ቁራጭ አድርጊ። በእነዚህ ብቻ ከ5 ሰከንድ ወደ 3 የወረደ መቆሚያ አውቃለሁ።

ቴሌስኮፑን ራሱን ለመለወጥ ሐሳብ ካለሽ ሌላ መንገድ አለ፦ ዶብሶንያን። ጆን ዶብሰን የሚባል ሳንፍራንሲስኮ ገዳም ውስጥ ይኖር የነበረ መነኩሴ ነው ያስፋፋው። ከካርቶን ቱቦና ከኮምፔልሳቶ ቴሌስኮፕ እየሠራ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ያሳይ ነበር። እግር የለውም፣ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ፎርማይካ ላይ በቴፍሎን ቁራጭ ይንሸራተታል። ከ250 ዶላር ብዙም በማይርቅ ዋጋ ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ትንሹ የጠረጴዛ ዶብሶንያን ይገኛል። ካንቺው ሌንስ ከ3 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ቱቦው የሚሰበሰበው ዓይነት ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የሚፈልገው ጠንካራ በርጩማ ብቻ ነው፣ እሱን አናጺ ይሠራልሻል። አንድ ወዳጄ የሳጥኑን መዞሪያ ሊያለሰልስ የአባቱን አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ተጠቅሞበታል። ሸክላው በእርግጥ ይሠራል፤ አባትየው ግን እስካሁን አላናገሩትም።

እኔ አንቺን ብሆን ግን ያለሽን ቴሌስኮፕ እይዛለሁ። ጥሩ እግር ራስሽ ጋ ይቀራል፣ ነገ ሌላ ቴሌስኮፕ ቢመጣ ይሸከመዋል። ወንድምሽን አሁኑኑ ደውዪለትና የቱቦውን ውፍረትና ክብደት ላኪለት። ራሱ ከነቁልፎቹ ይምጣ፣ እነዚያ ትንንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚረሱት። ቶርኖ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ልኩን በወረቀት ጽፈሽ አትሂጂ፤ ራሱንና የትራይፖዱን ብሎን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያው አስሞክረሽ ተመለሺ።