ጎማው ሲተልቅ መሪው ላይ ምን ይጠናከር?

በዚህ እትም የመረጥናቸው የአንባቢ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ መሪ ናቸው። ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው ሁሉ ቆይቶ እዚህ ጉዳይ ላይ ስለሚደርስ አንድ ላይ አደረግናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ላንድክሩዘር 80 አለኝ። በፊት 275/70 አር16 ጎማ ነበረው፤ መኪናውን 50 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ 315/75 አር16 ገጠምኩለት። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድልኝም፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። በቅርቡ ደግሞ ድንጋይ መሃል ወደኋላ ስመልሰው ታይሮዱ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ) ጎበጠ። አንዱ ጓደኛዬ ወፍራም ታይሮድና ሁለት የመሪ ዳምፐር (ንዝረት ማለዘቢያ) ግጠም ይለኛል። ሌላው ሃይድሮሊክ (መሪውን በዘይት ግፊት የሚያግዝ ፒስተን) ካልጨመርክ ዋጋ የለውም ይላል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለህ። መወላወሉ የላላ ነገርና የማዕዘን ጉዳይ ነው። መጉበጡ የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ወፍራም ታይሮድ መወላወሉን አያድነውም፣ ዳምፐርም መጉበጡን አያስቀረውም። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ፣ ብረት የምንገዛው መጨረሻ ላይ ነው።

አዲሱ ጎማህ ከድሮው በቁመት 88 ሚሊሜትር ያህል፣ በስፋት ደግሞ 40 ሚሊሜትር ይበልጣል። ክብደቱም አለ። ቸርኬው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ወይም ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት) ካስገባህ ጎማው መሪውን የሚጎትትበት ክንድ ይረዝማል፣ ያኔ ይብሳል። ድሮ የማይታወቅህ ትንሽ መላላት አሁን እጅህ ላይ የሚሰማህ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የላላውን ፈልግ። ለዚህ የሚያስፈልግህ አንድ ረዳት ብቻ ነው። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ክሪክ ሳትሰጠው፣ ካምቢዮው ነፃ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ረዳትህ መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ ያወዛውዘው። አንተ ከስቲሪንግ ቦክሱ (ከመሪው ማርሽ ሳጥን) ጀምረህ እስከ ጎማው ድረስ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በዓይንህ ተከተል። አንዱ ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ብዙ መካኒክ የታይሮዱን ጫፎች ነካክቶ "ደህና ነው" ብሎ ይነሳል። አንተ ፓናርድ ሮዱን ሳታይ እንዳትነሳ። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በጎን የሚይዘው ዘንግ ነው። ጎሚኒው ካለቀ ወይም ቡሎኑ የገባበት ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ መሪውን ስታዞር መጀመሪያ አክስሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጎማው ቆይቶ ነው የሚታዘዘው። ቀጥሎ የናክሉ (ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረው ብረት) ኩሽኔታዎች። 80 እዚያ ቦታ ላይ ቦል ጆይንት የለውም፤ ላይና ታች ኩሽኔታ ነው ያለው፣ ጥብቀታቸውም በስስ ብረት እየተለካ ነው የሚስተካከለው። ከሱ ጋር ደግሞ የመሪውን ክንድ ከናክሉ ጋር የያዙትን ስታዶች (ራስ የሌላቸው ቡሎኖች) እይ። ትልቅ ጎማ እነዚህን ስታዶች ያላላል፣ ካልተያዘም ይበጥሳል። ዳዷቸውን በቶርክ ኪያቬ አጥብቅ፣ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች በቦታቸው መቀመጣቸውን አረጋግጥ። ስቲሪንግ ቦክሱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ግን ቸኩለህ አትንካ። ከልክ በላይ ከጠበቀች መሪው ይከብዳል፣ ወደ መሃል መመለስ እምቢ ይላል፣ ውስጡም ቶሎ ይበላል።

ከዚያ ካስተር። ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ አናቱ ወደኋላ ያዘነበለበት መጠን ነው። መሪውን ስትለቀው ራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። የ80 የፊት አክስል በሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው የተያዘው። አንተ ሞላውን ስታስረዝም ክንዶቹ ወደታች ያዘነብላሉ፣ አክስሉም አብሯቸው ይዞራል፣ ያ አናት ወደፊት ይመጣል። 50 ሚሊሜትር ከፍታ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበላል፤ ፋብሪካው የሰጠውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ መኪናህ ቢወላወል አይገርምም። ቀዳዳው ከመሃል የተዛወረ የካስተር ጎሚኒ ወይም ለከፍታው ተብሎ የተሠራ ክንድ አስገባ። የምታወራውን መወላወል አብዛኛውን የሚያስተካክልልህ ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ሁለት ዳምፐር የሚለውን ለጊዜው ተወው። ዳምፐር ንዝረትን ያለዝባል፣ የላላ ነገር አያጠብቅም። በተለይ ጉድባ ስትመታ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ጀምሮ እስክትቆም የማይለቅህ ዓይነት ነገር ከመጣ፣ በዳምፐር መሸፈኑ አደገኛ ነው። ምክንያቱ የጎማ ባላንስ፣ ፓናርድ ሮድ፣ ኩሽኔታ ወይም ካስተር ነው። እሱ ካልተገኘ አዲሱ ዳምፐር ሲደክም ንቅጥቃጤው ተመልሶ ይመጣል፣ እስከዚያ ደግሞ የላላው የበለጠ ላልቷል።

አሁን ወደ ታይሮዱ። የ80 ታይሮድ ያለው ከአክስሉ ኋላ ነው። ወደኋላ እየነዳህ የፊት ጎማዎቹ በሞተር ጉልበት ድንጋይ ሲገፉ፣ ከፊት በኩል ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋሉ። ከፊት ሲከፈቱ ከኋላ ይጠባሉ፣ ታይሮዱም መሃላቸው ይጨመቃል። ረጅም ቀጭን ዘንግ ሲጎትቱት ይችላል፣ ሲጨምቁት ይጎብጣል። ወደኋላ ስትመልሰው መጉበጡ እንግዲህ በአጋጣሚ አይደለም።

መፍትሄው ውፍረት ነው። የዘንግ ግትርነት የሚያድገው በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ነው። ድፍን ዘንግ ከ25 ወደ 30 ሚሊሜትር ብታሳድግ ክብደቱ በ44 በመቶ ይጨምራል፣ ግትርነቱ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። መሃሉ ክፍት መሆኑ ብዙ አይጎዳውም። ባለ 30 ሚሊሜትር ቱቦ፣ ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከድፍኑ 36 በመቶ ይቀላል፤ ግትርነቱ የሚቀንሰው 13 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ "ድፍን ካልሆነ" ብሎ ድርቅ ማለት አያስፈልግም።

ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ታይሮዱ ሲጠነክር የድንጋዩ ጉልበት የትም አይጠፋም። ወደሚቀጥለው ደካማ ቦታ ነው የሚሄደው፤ ወደ ጫፎቹ፣ ወደ ናክሉ ስታዶች፣ ወደ ስቲሪንግ ቦክሱ፣ ቦክሱ ወደታሰረበት ሻንሲ። የጎበጠ ታይሮድ ቀስ ብለህ ከነዳህ ከጫካ ያወጣሃል። የተበጠሰ ስታድ አያወጣህም፣ አስፋልት ላይ ከሆነ ደግሞ ሰው ይገድላል። እኔ ብሆን ከፋብሪካው በግልጽ የጠነከረ፣ ግን ከስቲሪንግ ቦክሱና ከናክሉ ቀድሞ የሚጎብጥ ታይሮድ ነው የምመርጠው። አሮጌውንም አልጥለውም፣ በወግ ተቃንቶ ከተረፈ መጠባበቂያ ሆኖ ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል። ብየዳ ግን በፍጹም። የመሪ ዘንግ አይበየድም።

ሃይድሮሊኩ እንዳንተ ላለ 35 ኢንች ያህል ጎማ የግድ አይደለም። የፊት ዲፈረንሻል ሎከር (ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፍ) ካለህ፣ የጎማ ንፋስ ቀንሰህ ድንጋይ ላይ ቆመህ መሪ የምታዞር ከሆነ ያኔ ይታሰባል። ፓምፑ በቂ ዘይት መግፋት አለበት፣ የዘይት ማቀዝቀዣም ያስፈልገዋል። የፒስተኑ ርዝመት ደግሞ ናክሉ ማቆሚያው ላይ ከመድረሱ በፊት ማለቅ የለበትም፣ ካለቀ የታሰረበትን ይነቅላል።

ጥያቄ፦ ጂፕ ራንግለር ቲጄ ነው ያለኝ። ከ33 ኢንች ጎማ ወደ 35 ልሄድ ነው። የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ በሙሉ ሄይም ጆይንት (ሽፋን የሌለው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) አድርገው ይሉኛል። ዘንጉንስ ክሮሞሊ (ጠንካራ ቅይጥ ብረት) ላድርገው ወይስ አልሙኒየም? ወደታች የወረደ ፒትማን አርምም (ከስቲሪንግ ቦክሱ የሚወጣው ክንድ) ግጠም ተብያለሁ።

መልስ፦ ሄይም ጆይንት ጠንካራ ነው፣ ብዙ ማዕዘንም ይሰጣል። ችግሩ ገላጣ መሆኑ ነው። አቧራና ጭቃ በቀጥታ ኳሱ ላይ ይገባል፣ ቶሎ ይላላል፣ ሲላላ ይንኳኳል። በየቀኑ የምትነዳው መኪና ከሆነ ከከባድ መኪና የመጣ፣ የላስቲክ ሽፋን ያለውና ግራሶ የሚወስድ ተራ የታይሮድ ጫፍ ይሻልሃል። ሄይም የምትል ከሆነ ቢያንስ ቡሎኑ ከሁለቱም ወገን በብረት ይያዝ፣ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎ አይቅር። የአገርህ የመኪና ምርመራ ይፈቅደው እንደሆነም ቀድመህ ጠይቅ፣ የማይፈቅዱ አሉ።

ክሮሞሊን በተመለከተ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሁሉ ግትርነቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ክሮሞሊ ከተራው ብረት ያነሰ አይታጠፍም፤ ልዩነቱ ከታጠፈ በኋላ ወደ ቦታው የመመለስ አቅሙ ነው። አልሙኒየም ደግሞ ግትርነቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ነው። የ25 ሚሊሜትር ብረት ያህል እንዲሆን 33 ሚሊሜትር መወፈር አለበት። 7075 የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ከሆነ ድንጋይ ሲመታው ለጥ ብሎ ይመለሳል፣ ቀላልም ነው። ቦታ ካለህ ጥሩ ምርጫ ነው። ተራ አልሙኒየም ግን አትግዛ።

ከዘንጉ ዓይነት በላይ ለቲጄ የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። ከ1997 እስከ 2006 በተሠሩት ላይ ታይሮዱ በቀጥታ ከናክል ናክል አይደርስም፤ አንዱ ጫፉ ድራግ ሊንኩ (ከፒትማን አርሙ ወደ ናክሉ የሚሄደው ዘንግ) ላይ ነው የታሰረው። አክስሉ ወደላይ ወደታች ሲል የጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ይቀያየራል፣ መኪናው ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። ገንዘብህን ታይሮዱን ከናክል እስከ ናክል በሚያደርገው መቀየሪያ ላይ አውለው።

ፒትማን አርሙን ብቻውን አታውርደው። ድራግ ሊንኩና ፓናርድ ሮዱ ከፊት ስታያቸው እኩል ማዘንበል አለባቸው። አንዱ ወርዶ ሌላው ከቀረ ጉድጓድ በመታህ ቁጥር መሪው ራሱ ይዞራል። የወረደ ፒትማን አርም የስቲሪንግ ቦክሱንም ዘንግ በረጅም ክንድ ይጠመዝዘዋል። ስለዚህ አሁኑኑ ቦክሱ የታሰረበትን ሻንሲ አጽዳና በመብራት እይ። ቡሎኖቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ጎማውን አትቀይር፣ መጀመሪያ እሱ ይጠገን፣ ማጠናከሪያም ይግባበት።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መኪናዬ የፊት እግሮቹ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ፣ መሪው ራክ (በስቲሪንግ ቦክስ ፋንታ ወደ ጎን የሚንሸራተት ባለ ጥርስ ዘንግ) የሆነ ነው። ከፍ አስደርጌ 33 ኢንች ጎማ ገጠምኩ። ልጄ ወፍራም ታይሮድ ልቀይርልህ ይላል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አባቴ፣ ልጅዎ ለእርስዎ ማሰቡ ደግ ነው፣ ግን ትንሽ ይቆይ። በእርስዎ መኪና ታይሮዱ አጭር ነው፣ ከራኩ ወጥቶ ወደ ናክሉ ይሄዳል። መኪናው ከፍ ሲል ይህ ዘንግ ቁልቁል ያዘነብላል። ጎማው ተንጠልጥሎ፣ መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ነዳጅ ከተሰጠ ነው የሚጎብጠው ወይም የሚሰበረው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታውን ይመርምሩ። ከልክ በላይ ከሆነ ጥቂት ማውረድ ከማንኛውም ወፍራም ዘንግ ይበልጥ ይረዳዎታል፣ የፊት አክስል መገጣጠሚያዎችም (ሲቪ ጆይንቶቹ) ይተርፋሉ።

ዘንጉ ቢቀየር ቀጣዩ ደካማ ቦታ ራኩ ራሱ ነው። የራክ ዋጋ ደግሞ ከታይሮድ ጋር አይወዳደርም። የራኩ ማሰሪያ ጎሚኒዎች ካለቁ ግን ይቀየሩ፣ እሱ ጥሩ ወጪ ነው። ሲነዱም መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው አጥብቀው አይያዙት። ያኔ የፓምፑ ግፊት ጣሪያ ይነካል፣ ዘይቱ ይግላል። ጥቂት መለስ ያድርጉት፣ በቃ።

ጥያቄ፦ አዲስ ታይሮድና ድራግ ሊንክ ራሴ ልገጥም ነው። አላይመንት ቤት ሳልሄድ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ እስከ አላይመንት ቤቱ ድረስ አዎ፣ በትክክል ከለካህ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ላይ በመሃላቸው መስመር አስምር። በአክስሉ ከፍታ ከፊት በኩል በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፣ መኪናውን ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር ግፋውና ከኋላ በኩል ድገመው። ድፍን የፊት አክስል ላለው መኪና የፊቱ ከኋላው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢጠብ ጥሩ ነው። መሪው ተጣምሞ ከቀረ መሪውን ነቅለህ አትመልሰው፣ በድራግ ሊንኩ ማስተካከያ ነው የሚቃናው።

ከመውጣትህ በፊት መሪውን ወደ ሁለቱም ጥግ አዙርና ወፍራሙ ዘንግ ዲፈረንሻሉን፣ ሞላውን ወይም የፍሬን ቱቦውን እንደማይነካ እይ። አንዱን ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥተህ አክስሉ ተጣምሞ እያለም ድገመው፣ ብዙ ጊዜ የሚነካው ያኔ ነው። ኮፒሊያዎቹ ሁሉ መግባታቸውን፣ የማስተካከያ ዳዶዎቹ መቆለፋቸውን አረጋግጥ። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከነዳህ በኋላ ሁሉንም በቶርክ ኪያቬ መልሰህ ፈትሽ፣ አዲስ ዕቃ ሲለማመድ ይላላልና።