ለፍቶ ያረፈና ሳይለፋ ያረፈ

ልጆቼ፣

አርታኢ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሌሎችን ረቂቅ በማንበብ ነው። በእጄ ካለፉት ጀማሪዎች መካከል ተሰጥኦ የጎደለው ብዙም አልነበረም። ብዙዎቹ የተቸገሩት በሥራና በዕረፍት ነው። አንዱ ሙዱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሌላው ሌት ተቀን ካልደከመ የሠራ አይመስለውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ልፋቱን ራሱን እንደ ውጤት ይቆጥረዋላ።

አንድ የአጭር ልብ ወለድ ረቂቅ ሲመጣልኝ፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰማዩ ይገለጻል፤ ገጸ ባሕሪው ከአልጋው ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ መስኮት ይከፍታል። ከዚያ በር ይንኳኳል። በቃ፣ ታሪኩ ተጀመረ። የፊተኞቹ ገጾች ይውጡ ስል ደራሲው ይከፋዋል። «ስንት የለፋሁባቸው!» ይላል። እውነቱን ነው። እነሱን ሳይጽፍ በሩ ጋ አይደርስም ነበር። ግን አንባቢው የእኛን ድካም የመሸከም ግዴታ የለበትም።

ዕረፍትስ? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖዋንካሬ እ.ኤ.አ. በ1908 ስለራሱ የተናገረውን ልንገራችሁ። ለአሥራ አምስት ቀን ያህል በየዕለቱ ጠረጴዛው ጋ እየተቀመጠ ከአንድ ጥያቄ ጋር ታግሏል። በኋላ ለጉዞ ወጣና ሒሳቡን ረሳው። ኩታንስ በምትባል ከተማ የመንገደኞች ሠረገላ ላይ ሊሳፈር እግሩን መርገጫው ላይ ሲያሳርፍ፣ አንድ ትልቅ ሐሳብ ድንገት ብልጭ አለለት። ሰዎች ይህችን ሠረገላ ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። እሱ ግን ከፊት ልፋት ከሌለ እንዲህ ያለ ብልጭታ እንደማይመጣ አጥብቆ ተናግሯል።

ስለዚህ ሥራ ስትፈቱ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምን ጥያቄ ይዤ ነው የማርፈው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከቻላችሁ፣ ያለ ጸጸት ውጡ። በእግር ሂዱ፣ ዕቃ እጠቡ፣ ጣራ ላይ አፍጥጡ። የሚያያችሁ ሰው ሰነፍ ቢላችሁ አትቀየሙት፤ ከውጭ ሲታይ ለፍቶ ያረፈና ሰነፍ አንድ ናቸው። መመለስ ካልቻላችሁ ግን ገና አልጀመራችሁም፤ ተቀመጡ።

ስልክ መጎርጎርን ከዕረፍት አትቁጠሩት። የሰው ወሬ የሞላው ጭንቅላት ለራሱ ጥያቄ ቦታ የለውም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ለእንጀራ ሌላ ሥራ የምትሠሩትም እንዳትሳቀቁ። ጥያቄው ከእናንተ ጋር እየዋለ ከሆነ፣ ማታ የምታገኟት አንድ ሰዓት ከምታስቡት በላይ ትሠራለች።

ብልጭ ያለላችሁን ወዲያው ጻፉት። በነጋታው ግን ቀዝቀዝ ብላችሁ መርምሩት። ፖዋንካሬም ቤቱ ሲመለስ ቁጭ ብሎ አረጋግጧል፤ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት አንዳንዴ እንደሚያታልልም አልደበቀም። የእናንተም ሐሳብ ብርሃን ላይ ሲታይ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ አውጡትና ጥያቄውን እንደገና ያዙት።