ራኒንግ ስታርት ሙሉ ልግባ ወይስ ኤፒ ልውሰድ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሲያትል ነው የምትኖሪው፣ 10ኛ ክፍል ነሽ፣ ነርስ መሆን ትፈልጊያለሽ። እናትሽ ደግሞ የሆነ ሰው ልጅ በራኒንግ ስታርት፣ ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅ በሚማሩበት ፕሮግራም፣ ሃይስኩል ሲጨርስ የኮሌጅ የሁለት አመት ዲግሪም አብሮ ይዞ ወጣ የሚለውን ከሰማች ወዲህ "በሚቀጥለው አመት አንቺም ሙሉ በሙሉ ኮሌጅ ትገቢያለሽ" ብላ ወስናለች፣ ጓደኛሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩት ኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጠውን የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ነው ትልሻለች፣ በዛ ላይ ቅዳሜና እሁድ ትሰሪያለሽ። የቱን ልያዝ ነው ጥያቄሽ።

ሳላንዛዛ የኔን ሀሳብ ልንገርሽ። 11ኛ ክፍል ላይ ሙሉ በሙሉ አትግቢ። በአንድ ወይ በሁለት የኮሌጅ ኮርስ ጀምሪ፣ ኮርሶቹን ደግሞ ነርሲንግ ፕሮግራሞች ከሚጠይቁት ዝርዝር ውስጥ ምረጪ፣ ሌላውን ሃይስኩልሽ ተማሪ። 12ኛ ላይ ውጤትሽን አይተሽ ትጨምሪያለሽ። ለምን እንደዚህ እንደምል ግን በደንብ ላስረዳሽ ምክንያቱም እናትሽን ማሳመን ያለብሽ አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ እናትሽ የሰማችው እውነት ነው። ራኒንግ ስታርት ዋሽንግተን ስቴት በ1990 በህግ ያቋቋመው ፕሮግራም ነው፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄዶ ይማራል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ አንዱ የ5 ክሬዲት ኮርስ በሃይስኩል እንደ 1 ሙሉ ክሬዲት ይቆጠርለታል። ሁለቱን አመት ሙሉ የተማረ ልጅ 90 ክሬዲት ሞልቶ አሶሼት ዲግሪ (የሁለት አመቱን ዲግሪ) ሊይዝ ይችላል፣ የባችለር ዲግሪ እዚህ 180 ክሬዲት ስለሆነ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ለስቴቱ ነዋሪ በአመት ከ12 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚያስከፍል ስታስቢ እናትሽ ለምን ልቧ እንደተነሳ ይገባኛል። መፅሀፍና አንዳንድ ፊዎች ግን በተማሪው ላይ ናቸው፣ ቤተሰብሽ ገቢው ዝቅ ያለ ከሆነ ኮሌጁ ፊውን ማንሳት ስላለበት የፊ ዌቨር ፎርሙን ጠይቂ፣ መፅሀፍ የሚያውሱም ብዙ ናቸው። ትራንስፖርት አያሳስብሽ፣ 18 አመትና ከዛ በታች ለሆነ ባስና ባቡር ነፃ ነው።

አሁን ማንም ለናትሽ ያልነገራት ነገር ጋ እንምጣ።

የራኒንግ ስታርት ውጤት የእውነት የኮሌጅ ውጤት ነው። 16 አመትሽ ላይ የምታመጪው ኤፍ ወይ ዲ የኮሌጅ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይቀመጣል፣ ኮሌጅ ቀይሬ ሌላ ጋ ልጀምር ብትይ እንኳን ያመለከትሽበት ሁሉ ትራንስክሪፕቱን አምጪ ይልሻል። መሀል ላይ ድሮፕ ብታደርጊ ቀኑ ካለፈ ደብልዩ (አቋርጣለች የሚል ምልክት) ይፃፍብሻል። ከዛ ደግሞ ፋይናንሻል ኤይድ አለ፣ ኮሌጆች ኤይድ ለመስጠት ተማሪው ከጀመራቸው ክሬዲቶች አብዛኛውን፣ በብዙ ኮሌጅ 67 ፐርሰንት፣ ማለፉን ያያሉ፣ በሃይስኩል ጊዜሽ የተበላሸው እዛ ቆጠራ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሀሳብሽን ቀይረሽ አንድ ቀን ሜዲካል ስኩል ብትዪ ደግሞ የማመልከቻ ስርአታቸው በሃይስኩል የወሰድሻቸውን የኮሌጅ ኮርሶች ጭምር አስገቢ ይላል፣ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ውስጥም ይቆጥራቸዋል። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፣ ጥሩ ውጤት ካመጣሽ በዛው ልክ ለዘላለም ይጠቅምሻል። ግን ኮርስ በኮርስ ነው የሚገባበት።

ሌላው፣ እንግሊሽ 101 ኮሌጅ ውስጥ ብትወድቂ የወደቅሽው ኮሌጅ ብቻ አይደለም፣ ያ ኮርስ የሃይስኩል እንግሊዝኛሽን ተክቶ ስለሆነ የተያዘው ዲፕሎማሽም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሰአቱን እንቁጠረው እስቲ። የኮሌጅ ሙሉ ሎድ በኳርተር (በአንድ የትምህርት ወቅት) 15 ክሬዲት ነው። ለአንድ ሰአት ክላስ ሁለት ሰአት ቤት ውስጥ ይጠበቃል፣ ስለዚህ በሳምንት ወደ 45 ሰአት ማለት ነው፣ በዛ ላይ የቅዳሜና እሁድ ስራሽን ጨምሪበት። ኳርተሩ ደግሞ 11 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሶስተኛው ሳምንት አካባቢ የመጀመሪያ ፈተና አለ፣ አንዴ ታመሽ ሳምንት ከቀረሽ መልሶ መያዝ ከባድ ነው። ሃይስኩል ውስጥ አስተማሪሽ አሳይንመንት አላስገባሽም ብሎ ይደውላል፣ ኮሌጅ ውስጥ ማንም አይደውልም። ለናትሽም አይደውሉም፣ ይሄን አስምሪበት፣ በፌደራል ህግ አንድ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ የኮሌጅ ሪከርዱ የራሱ ነው፣ እድሜው 16ም ቢሆን፣ ስለዚህ ኮሌጁ አብዛኛውን ጊዜ ያንቺ ፊርማ ከሌለ ስለውጤትሽ ለናትሽ አያወራትም። ለሀበሻ ወላጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው እና ከመጀመርሽ በፊት ብታውቀው ጥሩ ነው፣ በኋላ ስትሰማ የደበቅሻት ይመስላታል።

ጎበዝ ሆነው ሙሉ ገብተው በጣም ጥሩ የሆነላቸው ልጆች አሉ፣ አልክድም። እነሱ ግን አብዛኞቹ አይሰሩም ነበር፣ ወይ ደግሞ ሃይስኩል ውስጥ ሰልችቷቸው የጨረሱ አይነት ናቸው። አንቺ የፃፍሽልኝ ትምህርት ቤትሽን እንደምትወጂና ኬሚስትሪ ላይ ትንሽ እንደምትቸገሪ ነው። ይሄ ለኔ ብዙ ይነግረኛል።

ነርሲንግ ላይ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ ስንት ክሬዲት ያዝሽ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ነርሲንግ ግን የክሬዲት ብዛት አያሳጥረውም። የነርሲንጉ ክፍል ራሱ፣ ክሊኒካሉ (የሆስፒታል ልምምዱ) ምናምኑ፣ በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው፣ 90 ክሬዲት ይዘሽ ብትመጪም ያንን አትዘዪውም። ማሳጠር የምትችዪው ከሱ በፊት ያሉትን ፕሪሪኲዚቶች (ለመግባት ቀድመው መወሰድ ያለባቸውን ኮርሶች) ነው። እነሱ ደግሞ የታወቁ ናቸው፣ እንግሊሽ 101፣ ሳይኮሎጂ 100፣ ላይፍስፓን ሳይኮሎጂ 200፣ ስታቲስቲክስ 146፣ ኬሚስትሪ 121፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 241 እና 242፣ ማይክሮባዮሎጂ 260። በዋሽንግተን ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከኮርሱ ስም አጠገብ የ"እና" ምልክቷ (&) ካለች ኮርሱ በሁሉም ኮሌጅ አንድ አይነት ነው ማለት ነው፣ እሷን እያየሽ ምረጪ፣ የሚያልፍልሽ እሱ ነው። አሶሼት ዲግሪ ለመሙላት ተብሎ የተወሰደ 40 ክሬዲት ነርሲንግ ፕሮግራሙ የማይጠይቀው ከሆነ ምን ጠቀመሽ? ጊዜሽን በልቶ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ላንዱም አልቆጠረም።

ሳይንሶቹን ግን አትቸኩዪባቸው። ነርሲንግ በጣም ፉክክር ያለበት ነው፣ ፕሮግራሞች የሳይንስ ፕሪሪኲዚቶችን ውጤት ነጥለው ያያሉ፣ አንዳንዶቹ አንድ ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚቻል ይገድባሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከተወሰነ አመት በላይ የቆየ የሳይንስ ውጤት አይቀበሉም። አናቶሚን በ16 አመትሽ ተቸግረሽ በሲ ብታልፊው፣ ካለፍሽው በኋላ እንደ ሸክም ይከተልሻል፣ 18 ላይ ተረጋግተሽ ኤ ብታመጪበት ግን በር ይከፍትልሻል። በዛ ላይ ወደ አናቶሚ ለመግባት ራሱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ባዮሎጂ፣ አንዳንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪም ይጠይቃል፣ ስለዚህ እናትሽ እንደምታስበው በአንድ አመት ተጠቅልሎ የሚያልቅ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ብሆን 11ኛ ክፍል የመጀመሪያው ኳርተር ላይ እንግሊሽ 101 ብቻ፣ ዊንተር ኳርተር ላይ ሳይኮሎጂ 100፣ ስፕሪንግ ላይ ደግሞ እንዴት እንደሄደ አይቼ ስታቲስቲክስ ወይ ምንም። ኬሚስትሪን ሃይስኩል ውስጥ በደንብ ተማሪ፣ እዛ መቸገርሽ ምንም አይደል፣ እርዳታ የምታገኚበት ቦታ ነው።

ኤፒን በተመለከተ ጓደኛሽም አልተሳሳተችም። ኤፒ ሃይስኩልሽ ውስጥ ተምረሽ ግንቦት አካባቢ ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀውን ፈተና የምትወስጂበት ነው፣ ከ1 እስከ 5 ይሰጥሻል፣ ፈተናው 100 ዶላር ገደማ ነው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቅናሽ አለ፣ ምዝገባው ግን የትምህርት አመቱ መጀመሪያ አካባቢ፣ ፎል ላይ፣ ስለሚዘጋ ግንቦት ድረስ የምትጠብቂው ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ ያሉ የመንግስት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለ3 እና ከዛ በላይ ክሬዲት የመስጠት የጋራ ፖሊሲ አላቸው። የኤፒ ትልቁ ጥቅም ላንቺ አይነት ሰው ይሄ ነው፣ ፈተናው ባይሳካልሽ 2 ብታመጪ ለኮሌጅ ያለመላክ መብት አለሽ፣ የኮሌጅ ጂፒኤሽ ላይ ምንም አይፃፍም። የክላሱ ውጤት ሃይስኩል ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይኖራል፣ እሱን እወቂ። ኤፒ ስታቲስቲክስ ትምህርት ቤትሽ ካለ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያንኑ ስታቲስቲክስ ይተካል። የሳይንስ ኤፒን ግን አንዳንድ የነርሲንግና የህክምና ፕሮግራሞች እንደ ፕሪሪኲዚት አይቀበሉትም።

ከስቴት ውጪ ወይ ትልልቅ የግል ዩኒቨርሲቲ የማመልከት ሀሳብ ካለሽ ነገሩ ይለያል። እዛ ክሬዲቱ ያልፋል ብለሽ አትተማመኚ፣ ለምሳሌ ዳርትማውዝ በ2018 ከሚመረቁት ተማሪዎች ጀምሮ ለኤፒ ክሬዲት መስጠት አቁሟል፣ የሃይስኩል ዲፕሎማ ለማግኘት የተቆጠረ የኮሌጅ ኮርስ አንቀበልም የሚሉም አሉ። እነሱ ጋ ኤፒም ራኒንግ ስታርትም የሚጠቅመው ከበድ ያለ ትምህርት መርጠሻል ተብሎ ለመግቢያ ነው እንጂ አመት ለመቀነስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ከሆነ ግን አትጨነቂ፣ የራኒንግ ስታርት ተማሪ ስንትም ክሬዲት ይያዝ የሚያመለክተው እንደ ፍሬሽማን ነው፣ የፍሬሽማን ስኮላርሺፖችም አያመልጡሽም።

ካውንስለርሽን ስለ ሶስተኛው መንገድም ጠይቂው፣ ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል ይባላል። የራስሽ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በራስሽ አስተማሪ፣ የኮሌጅ ኮርስ ነው፣ ከ2023 ጀምሮ በመንግስት ኮሌጆች በኩል የሚሰጠው ነፃ ሆኗል። ባስ የለው፣ ካሌንደር አይጋጭ፣ ለምትሰራ ልጅ በጣም ይመቻል። ውጤቱ ግን እሱም የኮሌጅ ውጤት ነው፣ እና ለክሬዲቱ ለብቻው ካልተመዘገብሽ ክላሱን ተምረሽ ክሬዲቱ ይቀርብሻል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚያመልጣቸው።

እናትሽን በተመለከተ። እሷ የምትፈራው ብር ይመስለኛል፣ ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ ስለ ብር አውሪያት። ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት የሚባለው የስቴቱ እርዳታ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል፣ ከሲያትል የመንግስት ሃይስኩል የሚመረቅ ደግሞ በሲያትል ፕሮሚስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እስከ ሁለት አመት ያለ ክፍያ መማር ይችላል። እናንተ ቤት ይሄ የሚሰራ ከሆነ ራኒንግ ስታርት የሚያድንላችሁ ብር እሷ ከምታስበው ያነሰ ነው፣ የተበላሸ ውጤት ደግሞ የሚያስከፍላችሁ ከምታስበው በላይ ነው። "አልገባም" አትበያት፣ "በአንድ ኮርስ ልጀምር፣ ጥሩ ካመጣሁ እጨምራለሁ" በያት፣ ሁለቱ ለናት ጆሮ በጣም ይለያያሉ። ከቻልሽ ኮሌጁ ለወላጆች የሚያዘጋጀው የመረጃ ምሽት ላይ አብራችሁ ሂዱ፣ አስተርጓሚ አስቀድመሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ አንቺ እንድታስተረጉሚላት አታድርጊው፣ የራሷን ጥያቄ ራሷ ትጠይቅ።

በዚህ ወር ማድረግ ያለብሽ፣ ከሃይስኩል ካውንስለርሽ ጋ ቀጠሮ ያዢና የቀሩሽን የዲፕሎማ መስፈርቶች በወረቀት አስፅፊ፣ ስቴቱ የሚጠይቀው 24 ክሬዲት ነው፣ የኮሌጅ ኮርሱ የቱን እንደሚተካልሽ እሱ ነው የሚያውቀው። ራኒንግ ስታርት በየኳርተሩ እሱ የሚፈርምበት የማረጋገጫ ፎርም ስላለው ካውንስለርሽን ወዳጅ አድርጊው። ከዛ ልትሄጂበት የምታስቢያቸውን ሁለት ሶስት ነርሲንግ ፕሮግራሞች የፕሪሪኲዚት ገፅ አውርጂ፣ ከላይ የፃፍኩልሽን ኮርሶች አንድ በአንድ አመሳክሪ፣ የማትገባሽ ካለች ለአድሚሽን ቢሯቸው በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው፣ በቃል የተነገረሽ ነገር ከሁለት አመት በኋላ ማስረጃ አይሆንም። ኮሌጁ እንግሊሽ 101 ለመግባት ምን እንደሚያይም፣ የሃይስኩል ውጤት ይሁን የምደባ ፈተና፣ አጣሪ። ካውንስለሩ የሚሰጥሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የ11ኛ ክፍል ፕሮግራምሽን አብረን እናወጣዋለን።