የሚያፋጥነውን ከመዋጥሽ በፊት የሚያዘገየውን ፈልጊ

ሰላም እህቴ። «ትንሽ ስበላ ሆዴ ይነፋል፣ ያቅለሸልሸኛል። ሜቶክሎፕራማይድ የሚባል ጨጓራን የሚያፋጥን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ከጀመርኩ ወዲህ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ መድኃኒቱ ነው ወይስ ጭንቀት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኔም 10 ሚሊግራሙን በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት እወስድ ነበር። ማቅለሽለሹ ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን እግሬ አላርፍ አለ። ቁጭ ስል ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ስነሳ ደግሞ የምሄድበት የለኝም። ሌሊቱን ስንቆራጠጥ አነጋሁት። ቤተሰቦቼ «ጭንቀት ነው» አሉ፣ እኔም አመንኳቸው። ለካ መድኃኒቱ ነው! ዶፓሚን የሚባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያግደው ሆድ ውስጥ ብቻ ሳይሆን አንጎልም ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ፊትና ምላስ ያለፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ደግሞ መድኃኒቱ ቆሞም ላይጠፋ ይችላል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢበዛ ለ5 ቀን ብቻ ይወሰድ ያለው ያለምክንያት አይደለም። አንገትሽ ወይም መንጋጋሽ ከተጣመመ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ «የምትውጪውን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለኝ። በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ለወገቤ ሕመም ትራማዶል፣ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን። ለካ ሁለቱም የሆድ ዕቃን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ። አንዱ ሲገፋ ሁለቱ ይጎትታሉ! ለዚያውም የሚጎትቱትን ለወራት ስውጥ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ከጨጓራዬ ጋር አላገናኘኋቸውም። ትራማዶሉ ተቀየረ፣ አሚትሪፕቲሊኑ ቀስ በቀስ ተቀነሰ (በአንዴ አይቆምም)። ከዚያ በኋላ የጨጓራ ማፋጠኛም አላስፈለገኝም።

አንቺም ፌስታልሽን ፈትሺ። ለሕመም ወይም ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን አለ? ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን? እንደ ሴማግሉታይድ ያለ ለስኳር ወይም ለክብደት የሚወጋ መርፌ? ይሄ መርፌ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ስኳር ካለብሽ እሱን አስለኪ፤ ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ጨጓራን ያዘገያል።

«ዶምፔሪዶን ይሻላል» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እሱም ጨጓራን የሚያፋጥን መድኃኒት ነው። እውነት ነው፣ ወደ አንጎል ብዙም አይገባም። ግን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የልብ ችግር ካለብሽ ወይም እንደ ኤሪትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ከጀመርሽ ሳትናገሪ እንዳትወስጂው።

ለአሁኑ የሚቀጥለውን ፍሬ ከመዋጥሽ በፊት ላዘዘልሽ ሐኪም ደውዪ። «ጨንቆኛል» አትበዪ፤ «ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለ» በዪው።