ባቫሪያ የማን ሥራ ናት?

ጥያቄ፦ ሙኒክ ውስጥ ኦክቶበርፌስት የተባለው የቢራ በዓል ከሚከበርበት ሜዳ ዳር የቆመችውን ግዙፍ የነሐስ ሴት፣ ባቫሪያን፣ የሠራት ሉድቪግ ሽዋንታለር ነው ይባላል። እሱ የሞተው በ1848፣ ሐውልቷ የተመረቀችው ግን በ1850 ነው። እንዴት ሆኖ?
(ሙኒክ ከሚኖሩ አንባቢ)

መልስ፦ ዓመቶቹ ልክ ናቸው፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቅርጹን የሚያወጣውና ነሐሱን የሚያፈሰው ግን ሁለት ባለሙያ ነው። የጀሶው ሞዴል ካለቀ የቀራፂው ድርሻ አብቅቷል።

ሽዋንታለር በ1802 እዚያው ሙኒክ የተወለደ የቀራፂ ልጅ ነው። የባቫሪያ ግዛት ንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ ሥራ ስለሚያበዙበት፣ ሪህም ስላሠቃየው ብዙውን በረዳቶቹ እጅ ያሠራ ነበር። አርክቴክቱ ሌኦ ፎን ክሌንዘ መጀመሪያ ያሰቧት የግሪክ እመቤት ነበረች፤ የድብ ቆዳ ያለበሳትና የኦክ ቅጠል ጉንጉን ያስያዛት ሽዋንታለር ነው። ደግ አደረገ።

ቀሪው የፈርዲናንድ ሚለር፣ የነሐስ ቀላጩ፣ ጣጣ ነው። 18.52 ሜትር ሐውልት ባንድ ጊዜ አይፈስም፤ በየክፍሉ ተፈስሶ ኋላ ይገጣጠማል። ነሐሱ ስስ ሆኖ ውስጡ ክፍት እንዲቀር በማፍሰሻው፣ ማለትም ነሐሱ በሚፈስበት ቅርጽ፣ መሀል ሙሌት ይገባል። ማፍሰሻው በደንብ ካልደረቀ የቀረው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የቀለጠውን ነሐስ ያስፈነጥራል፤ ሲቀናም ሥራው ቀዳዳ በቀዳዳ ይወጣል።

ጭንቅላቷ በ1844 ፈሰሰ፤ ነሐሱ በ1827 ግሪክ ውስጥ በናቫሪኖ የባሕር ውጊያ ከሰጠሙ የቱርክ መድፎች የተገኘ ነው። ዋናው ፈተና በ1845 የፈሰሰው ደረቷ ነበር። ወደ 20 ቶን ነሐስ ምድጃ ውስጥ እንደ ቂጣ ሊጋገር ሲል ሠራተኞች ስድስት ስድስት እየሆኑ በረጅም የብረት ዘንግ ለሰዓታት አማሰሉት። በሙቀቱ የጣሪያው እንጨት ተቀጣጠለ። ሚለር ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ንጉሥ ሉድቪግ በ1848 ዙፋን ሲለቁ ወጪውን ከኪሳቸው ሸፈኑ። በ1850 ክፍሎቹ እስከ 12 ፈረስ በሚጎትታቸው ጋሪዎች ተጓጉዘው ተገጠሙ።

እዚያው ስለሆኑ ውስጧ ባለው ደረጃ እስከ ጭንቅላቷ ይውጡ፤ በብርዱ ወራት ይዘጋል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ነሐሱ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ምድጃ ነውና ጠዋት ይሻላል።